የኮምፓይለር ስሕተት ማስታወቂያዎች መፈተኛ ስብስብ፤ አያያዙና አደረጃጀቱ

በራስት ኮምፓይለር ስብስብ ላይ የቀረበ ሂስ

ኮምፓይለር የተባለው ተርጓሚ ፕሮግራም፣ ሰው በፕሮግራም ቋንቋ የጻፈውን ተቀብሎ ማሽን ወደሚያስኬደው ቋንቋ የሚመልስ መሣሪያ መሆኑ ለአንባቢዎቻችን የታወቀ ነው። ስለ ኮምፓይለር በተነገረ ቍጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የትርጕሙ ትክክለኛነትና ከትርጕሙ የሚገኘው ፕሮግራም ፍጥነት ነው። ነገር ግን ኮምፓይለር ከዚህ ሌላ ሁለተኛ ሥራ አለው፤ ይኸውም ሕጉን ያልጠበቀ ጽሑፍ ሲቀርብለት «ይህን አልቀበልም» ብሎ ምክንያቱን ለጸሐፊው ማስረዳት ነው።

ፕሮግራም መጻፍ የሚማር ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከኮምፓይለሩ ጋር የሚነጋገረው በዚህ በሁለተኛው ሥራ በኩል ነው። ተማሪ የሚጽፈው ፕሮግራም ተቀባይነት ከሚያገኝበት ጊዜ ይልቅ የሚመለስበት ጊዜ ይበዛልና፣ ማስታወቂያው በደኅና ካልተጻፈ ትምህርቱ ግምት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይህም ዛሬ የተገኘ ሐሳብ አይደለም። በ1965 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በካናዳ በዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ዋትፎር የተባለው የፎርትራን ኮምፓይለር የተዘጋጀው ለተማሪዎች ሥራ ሲሆን፣ ከሠሪዎቹም መካከል ገና የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የሚማሩ ተማሪዎች ነበሩ። ዝና ያተረፈውም በፍጥነቱና ስሕተትን ለይቶ በመናገሩ ነው።

አንድ ማስታወቂያ ደኅና ሆኖ መጻፉን አንድ ቀን አይቶ ማረጋገጥ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ነገር ደኅና እንደ ሆነ እንዲኖር ማድረጉ ነው። ኮምፓይለር ዘወትር የሚታደስ ሥራ ስለ ሆነ፣ በአንድ በኩል የተደረገ ማሻሻያ በሌላ በኩል ያለውን ማስታወቂያ ሳይታወቅ ሊያበላሸው ይችላል። ስለዚህ ኮምፓይለር ሠሪዎች ሆን ተብለው ስሕተት የገባባቸውን ትንንሽ ፕሮግራሞች ሰብስበው፣ ከእያንዳንዱ ጋር የሚጠበቀውን ማስታወቂያ አስቀምጠው፣ ኮምፓይለሩ በተነካ ቍጥር ሁሉንም ያመሳክራሉ። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን የመፈተኛ ስብስብ ነው። አስተያየታችንን በቅድሚያ በአጭሩ ለመናገር ያህል፦ የራስት ኮምፓይለር ስብስብ የማስታወቂያን ለውጥ በመያዝ ረገድ እጅግ የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ፈተና ስለ ምን እንደ ቆመ ለአንባቢ በመናገር ረገድ ገና ብዙ ይቀረዋል። ይህም ጕድለት የውበት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የፈተናውን ዋጋ የሚነካ ነው እንላለን።

ሀ፤ የዚህ ፈተና ልዩ ጠባይ

በተራው ፈተና ትክክለኛ ፕሮግራም ቀርቦ ትክክለኛ ውጤት ይጠበቃል። በዚህኛው ግን የሚቀርበው ስሕተት ያለበት ፕሮግራም ነው፤ ኮምፓይለሩ ፈተናውን የሚያልፈውም ፕሮግራሙን ሲጥል ነው። የሚጠየቁትም ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ስሕተቱ ተይዟልን? ሁለተኛ፣ ጣቱን የቀሰረው በእውነተኛው ቦታ ላይ ነውን? ሦስተኛ፣ የሰጠው ማብራሪያና ምክር ለሰው የሚጠቅም ነውን?

የቀድሞ ስብስቦች በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ያተኰሩ ነበሩ። በ1983 ደረጃው የወጣለትን የአዳ ቋንቋ ኮምፓይለሮች ለመመርመር የተዘጋጀው ስብስብ ፈተናዎቹን በፊደል ይከፍላቸዋል። በ«ቢ» ፊደል የሚጀምሩት ሕገ ወጥ ሆነው የተጻፉ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ኮምፓይለሩም በውስጣቸው ያሉትን ስሕተቶች መያዝ ይገባዋል። ከፊደሉ ቀጥሎ በፋይሉ ስም ውስጥ የሚገኙት ቍጥሮች የቋንቋውን መጽሐፍ ምዕራፍና ክፍል ያመለክታሉ። ማስታወቂያው በምን ቃል ይጻፍ የሚለው ግን ለየኮምፓይለሩ ሠሪ የተተወ ነው። አንድ ስብስብ ብዙ ኮምፓይለሮችን የሚመረምር እንደ መሆኑ መጠን ይህ ተገቢ ነበር። ለአንድ ኮምፓይለር ብቻ የቆመ ስብስብ ግን ሦስቱንም ጥያቄዎች የማንሣት ግዴታ አለበት።

ለ፤ ሦስት መንገዶች

ዛሬ በሰፊው ከሚሠራባቸው ኮምፓይለሮች መካከል ሦስቱን ብናነጻጽር፣ የሚጠበቀውን ማስታወቂያ ለማስቀመጥ ሦስት የተለያዩ መንገዶችን እናገኛለን።

ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር በስሕተቱ መስመር አጠገብ በማስታወሻ መልክ አንድ የቃላት ንድፍ ይጽፋል፤ ከኮምፓይለሩ የወጣው ማስታወቂያ ከንድፉ ጋር ከተስማማ ፈተናው አለፈ ይባላል። ፈተናው አጭርና ቀላል ይሆናል። «ዲጂ ቦገስ» የተባለችው ትእዛዝም ልዩ ጥቅም አላት፤ «ይህ ማስታወቂያ በዚህ መስመር ላይ እንዳይወጣ» ብላ ያለ አግባብ መጮኽን ትከለክላለችና። ነገር ግን ንድፉ ባዶ ወይም አንድ ተራ ቃል ብቻ ሆኖ ሲጻፍ ምንም ዐይነት ማስታወቂያ ያልፋል። እንግዲያውስ የፈተናው ጥንካሬ የሚለካው በጸሐፊው ትጋት ልክ ነው።

ክላንግም የሚጠበቀውን በመስመሩ አጠገብ ይጽፋል። ማስታወቂያው ስሕተት፣ ማስጠንቀቂያ ወይም ተጨማሪ ማብራሪያ መሆኑን ለይቶ ይጠይቃል፤ ያልተጠበቀ ማስታወቂያም ቢወጣ ፈተናው ይወድቃል። ከሁሉ የወደድነው ግን ሌላ ደንብ ነው። በዚህ መንገድ በሚፈተን ፋይል ውስጥ ምንም ማስታወቂያ የማይጠበቅ ከሆነ ይህ ራሱ በግልጽ መጻፍ አለበት። ዝምታም እንደ ንግግር ቃሉን ይሰጣል ማለት ነው።

የራስት መንገድ ሁለት እጥፍ ነው። በመጀመሪያ እንደ ሌሎቹ በስሕተቱ መስመር አጠገብ አጭር ምልክት ይጻፋል። ከዚያም ኮምፓይለሩ ያወጣው ጽሑፍ በሙሉ፣ ከነቀስቱና ከነምክሩ፣ በሌላ ፋይል ተገልብጦ ይቀመጣል፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚወጣውም ከዚህ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከራል። ለምሳሌ አንድ ፕሮግራም አንድን ጽሑፍ ለሌላ ክፍል ካስረከበ በኋላ መልሶ ሊያትመው ቢሞክር፣ ራስት ኢ0382 በተባለው የስሕተት ቍጥር ይከለክለዋል። ማስታወቂያውም ሦስት ቦታዎችን ያሳያል፤ ንብረቱ መጀመሪያ የተያዘበትን፣ የተላለፈበትንና ከተላለፈ በኋላ የተጠየቀበትን። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል አጭሩ ምልክት ላያውቀው ይችላል፤ ሙሉው ጽሑፍ ግን ወዲያውኑ ያጋልጠዋል።

ሐ፤ የሚመሰገነው ነገር

ራስት የመጀመሪያውን እትም በ2015 ካወጣ በኋላ በ2016 የማስታወቂያዎቹን መልክ አድሷል። ከዚያ ወዲህ ያገኘው መልካም ስም በአጋጣሚ የመጣ አይመስለንም፤ ሙሉውን ጽሑፍ የማስቀመጥ ልማድ አስተዋፅኦ እንዳለው እናምናለን። አንድ ሠራተኛ የማስታወቂያን ቃል ሲለውጥ የፊተኛውና የኋለኛው ጽሑፍ ጐን ለጐን ለተመልካቹ ይታያል። ተመልካቹ የኮምፓይለሩን ውስጥ ባያውቅ እንኳ እንደ አንድ ተራ ተጠቃሚ ሆኖ «ይህ ከቀድሞው ይሻላልን?» ብሎ መፍረድ ይችላል።

ሁለተኛው ምስጋና የሚገባው ምክርን መፈተኑ ነው። ኮምፓይለሩ «እንዲህ ብታደርግ ይስተካከላል» ብሎ በሚመክርበት ጊዜ፣ ፈተናው እንዲህ ይደረግ ከተባለ ምክሩ በፕሮግራሙ ላይ በማሽን ይፈጸማል፤ የታረመውም ፕሮግራም በፋይል ተቀምጦ እንደ ገና ለኮምፓይለሩ ይቀርባል። ምክሩን የሰጠው ኮምፓይለር ምክሩ ተፈጽሞ ሲመጣለት መቀበል ይኖርበታል። ሌላውን የሚመክር ሁሉ በዚህ ዐይነት ቢፈተን መልካም ነበር።

መ፤ ስለ ስያሜና ስለ አቀማመጥ

ወደ ሂሱ ስንመጣ የመጀመሪያው ነቀፌታችን በስያሜ ላይ ነው። ስብስቡ ከአሥር ሺሕ በላይ ፈተናዎችን የያዘ ነው። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ለረጅም ጊዜ የተጠሩት በአቤቱታ ቍጥር ነው፤ ተጠቃሚ ስለ አንድ ብልሽት አቤቱታ ያቀርባል፤ አቤቱታው ቍጥር ይሰጠዋል፤ ብልሽቱ ሲጠገን የሚጨመረው ፈተና ያንኑ ቍጥር ስም አድርጎ «አቤቱታዎች» በሚባል አንድ ማኅደር ውስጥ ይገባል። በዚህ ሁኔታ ማኅደሩ በ2023 ከ1500 በላይ ፋይሎች ነበሩበት። ጂሲሲም የአቤቱታ ቍጥርን ለፋይል ስም ማድረግ የቈየ ልማዱ ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ እዚህ ግን ስም ያወጣው የመዝገብ ቤት ቍጥር ነው። ቍጥር የሚመልሰው ጥያቄ «መቼ መጣ?» የሚለውን ብቻ ነው። አንድ ሠራተኛ ስለ ብድር ሕግ የሚናገረውን ማስታወቂያ ሲያሻሽል ግን የሚጠይቀው «ስለዚህ ሕግ እስከ ዛሬ የተጻፉት ፈተናዎች የትኞቹ ናቸው?» የሚለውን ነው። ለዚህ ቍጥር መልስ የለውም። ውጤቱም ሁለት ጕዳት ነው። በአንድ በኩል ያለውን ፈተና ያላገኘ ሰው ተመሳሳዩን ይጽፋል፤ ስብስቡም ያለ ጥቅም ይወፍራል። በሌላ በኩል በአንድ ርእስ ሥር የተሰበሰቡ ቢሆኑ በዐይን የሚታይ ክፍተት፣ ተበታትነው በመቀመጣቸው ሳይታይ ይኖራል።

ክላንግ ለሲ ፕላስ ፕላስ ካዘጋጃቸው ፈተናዎች አንዱ ክፍል ፍጹም ሌላ ሥርዐት ይከተላል። ማኅደሮቹ የቋንቋውን ደረጃ መጽሐፍ ክፍሎች ስም ይዘው፣ ፋይሎቹ በአንቀጽ ቍጥር ይጠራሉ። እንደ አዳው ስብስብ ሁሉ ይህም «የትኛው ሕግ?» ለሚለው ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ይሰጣል። ነገር ግን መጽሐፉ በዐዲስ እትም ሲወጣ አንቀጾቹ ሊሸጋሸጉ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ፋይሉ የድሮውን ቍጥር እንደ ያዘ ይቀራል። ደግሞም ብዙው ማስታወቂያ የሚነሣው ሕግን ከመጣስ ብቻ ሳይሆን ከሰው የተለመደ አሳሳት ነው፤ ነጥብ ረስቶ ከመተውና የሌላ ቋንቋን አጻጻፍ ከማምጣት የሚመጣ ስሕተት በየትኛውም አንቀጽ ሥር በደንብ አይቀመጥም።

በእኛ አስተያየት የሚሻለው በቋንቋው ጠባይ መክፈል ነው፤ ማለት ብድር፣ ዐይነት፣ ስም አፈላለግ፣ አነባበብ እያሉ ማኅደር ማቋቋም፣ ለፋይሉም የሚፈትነውን ነገር የሚገልጽ ስም መስጠት ነው። የአቤቱታው ቍጥር ግን አይጣል፤ በፋይሉ ራስ ላይ በማስታወሻ ይጻፍ። ታሪኩን ለሚፈልግ ሰው በር ነውና። የራስት ሠራተኞችም ይህን ተረድተውታል። የሥራ መመሪያቸው በአቤቱታ ማኅደር ውስጥ ዐዲስ ፈተና እንዳይጨመር ይመክራል። ለማኅደሩም የፋይል ብዛት ጣሪያ አውጥተው፣ ጽዳት በተደረገ ቍጥር ጣሪያውን ዝቅ ሲያደርጉ ቈይተዋል፤ ጣሪያውን የሚያልፍ ለውጥ በማሽን ይመለስ ነበር። በአንድ ቀን ሊጠና የማይችለውን ሥራ ቢያንስ ወደ ኋላ እንዳይሄድ ማሰር ብልኅነት ነው።

ሠ፤ ስለ ቡራኬ

ሁለተኛው ነቀፌታችን የበለጠ ክብደት አለው። የኮምፓይለሩ ማስታወቂያ በተለወጠ ጊዜ የተቀመጠውን ጽሑፍ በእጅ ማረም እጅግ አድካሚ ስለ ሆነ፣ መፈተኛው «ባርክ» የሚል ትእዛዝ አለው። ይህ ትእዛዝ ሲሰጥ ዛሬ የወጣው ጽሑፍ ትክክል ነው ተብሎ በቀድሞው ቦታ ይተካል። አንድ የተለመደ ቃል ሲለወጥ ብዙ ፋይሎች በአንድ ጊዜ ይባረካሉ።

ያለዚህ ትእዛዝ ስብስቡን መያዝ እንደማይቻል እንስማማለን። ነገር ግን ቡራኬ ምርመራ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ፋይሎች በጥንቃቄ ያነበበ ሰው፣ ሁለት መቶኛው ላይ ሲደርስ ዐይኑ ይዝላል፤ በመካከሉ ጣቱን በተሳሳተ ቦታ ላይ የቀሰረ አንድ ማስታወቂያ ቢኖር ከሌሎቹ ጋር ተባርኮ ያልፋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ስሕተት የሚጠበቅ ሆነ ማለት ነው። ፈተናው ብልሽቱን ከመያዝ ይልቅ ጠባቂው ይሆናል፤ ሌላ ሰው ሊያቃናው ቢሞክር «ወደቅህ» የሚለው እርሱ ነው። በመጽሐፍ ገልባጭና በአራሚ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ሊታሰብ ይገባል፤ ገልባጩ ያየውን ይጽፋል፤ አራሚው ግን መሆን ከሚገባው ጋር ያስተያያል። «ባርክ» ገልባጭ ነው።

ታዲያ አራሚው ማን ነው? ከላይ እንደ ተገለጸው በስሕተቱ መስመር አጠገብ የሚጻፈው አጭር ምልክት ነው እንላለን። ቡራኬ የሚለውጠው የተገለበጠውን ጽሑፍ እንጂ ይህን ምልክት አይደለም፤ ምልክቱ በሰው እጅ ይጻፋል። ስሕተት ከአንድ መስመር ወደ ሌላ መስመር ቢዛወር፣ ወይም ጨርሶ ቢጠፋ፣ ጽሑፉ ቢባረክም ምልክቱ ይቃወማል። እንግዲህ አንዱ የማሽን ምስክር፣ ሌላው የሰው ምስክር ናቸው። ምልክቱ ተደጋጋሚ ሥራ ነው፣ ማሽን ይጻፈው የሚል ሐሳብ ቢነሣ የማንደግፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁለቱን ምስክሮች አንድ እጅ ከጻፋቸው አንድ ምስክር ብቻ ቀረ ማለት ነው። ይልቁንም ምልክቱ «ስሕተት» ከሚል ተራ ቃል አልፎ የማስታወቂያውን ዋና ሐረግ እንዲይዝ መደረግ አለበት።

ረ፤ በአንድ ፋይል ውስጥ ስለሚታጨቁ ስሕተቶች

ሦስተኛው ነቀፌታ በፈተናው ይዘት ላይ ነው። ኮምፓይለር ሥራውን በየደረጃው ይፈጽማል፤ መጀመሪያ ያነባል፣ ቀጥሎ ስሞችን ያፈላልጋል፣ ከዚያ ዐይነቶችን ያስማማል፣ በራስት ደግሞ በመጨረሻ የብድርን ሕግ ይመረምራል። በአንደኛው ደረጃ ከባድ ስሕተት ከተገኘ የሚቀጥለው ደረጃ ላይካሄድ ይችላል። አንድ ጸሐፊ በአንድ ፋይል ውስጥ የዐይነት ስሕተትንና የብድር ስሕተትን በአንድነት ቢያስቀምጥ፣ የመጀመሪያው ተነግሮ ሁለተኛው ዝም ሊባል ይችላል። ይህ ዝምታ ከተባረከ የብድሩ ክፍል ፈጽሞ ሳይፈተን ይኖራል፤ የፈተናው ስም ግን በዝርዝሩ ላይ ይታያል። የተፈተነ የሚመስል ያልተፈተነ ነገር ጨርሶ ፈተና ከሌለው ነገር ይልቅ አሳሳች ነው።

መድኀኒቱ ለአንድ ፋይል አንድ ዓላማ መስጠትና ያን ዓላማ በራስጌው በአንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ ነው። «ንብረቱ የተላለፈበት ቦታ በዑደት ውስጥ ሲሆን ማስታወቂያው ይህን መናገሩን ይፈትናል» የሚል አንድ መስመር ቢኖር፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣው ሰው ጽሑፉ ሲለወጥበት ለውጡ ዋናውን ነገር የነካ መሆን አለመሆኑን ወዲያውኑ ያውቃል። ያለዚያ መስመር ግን ሊፈርድ አይችልም፤ ከመባረክ በቀር ምርጫ የለውም። ስለዚህ የስያሜ ጕድለትና የቡራኬ ችግር ሁለት ነገር ሳይሆኑ አንድ ናቸው። ዓላማው ያልተጻፈ ፈተና ሳይነበብ ይባረካልና።

ሰ፤ ፊደል በፊደል ማመሳከር የማያየው ነገር

እዚህ ላይ እኛን በተለይ የሚመለከት አንድ ነጥብ እናክላለን። ራስት ከ1.53 እትም፣ ማለት ከሰኔ 2021 ጀምሮ፣ ከላቲን ውጪ ባሉ ፊደላት ስም ማውጣትን ፈቅዷል፤ «ድምር» ወይም «ብዛት» የሚል የተለዋዋጭ ስም በግእዝ ፊደል ሊጻፍ ይችላል። ኮምፓይለሩ ከተሳሳተው ቃል ሥር ምልክት ሲያሰምር ስፋቱን የሚቈጥረው በዩኒኮድ ሰንጠረዥ መሠረት ለእያንዳንዱ የግእዝ ፊደል አንድ ዐምድ ብሎ ነው። በብዙ ስክሪኖች ላይ ግን ፊደላችን ከላቲኑ ሰፍቶ ስለሚሣል፣ ምልክቱ ከቃሉ ወደ ኋላ ቀርቶ ይታያል። የተቀመጠው ፋይል ግን ፊደል በፊደል ትክክል ነው፤ ፈተናውም ያልፋል። መፈተኛው የሚያየው ፊደላትን እንጂ የአንባቢውን ዐይን አይደለም።

እንዲሁም አንድ ተማሪ ከቍጥር «1» ፈንታ «፩» ብሎ ቢጽፍ ኮምፓይለሩ ቍጥር ብሎ አይቀበለውም። በዚህ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ለጀማሪ የሚረዳ መሆኑን የሚያረጋግጥ ፈተና ዋጋ አለው። እንዲህ ያለውን ጕድለት ቀድሞ የሚያስተውለው በፊደሉ የሚጽፍ ሰው ነውና፣ ስብስቡ ለውጪ ሰው ግልጽ ሆኖ መደራጀቱ የሚያስፈልግበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሸ፤ ሊቀርብ የሚችል ተቃውሞ

«ፋይሎችን ማዛወርና ስም መለወጥ ታሪካቸውን ያደናግራል፤ ጊዜውስ ብልሽት ለመጠገን ቢውል አይሻልምን?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም። ፋይሎቹ የሚጠበቁበት ጊት የተባለው መዝገብ የተዛወረን ፋይል መከታተል ቢችልም፣ መዛወርና ይዘትን መለወጥ በአንድ ላይ ከተደረጉ ክትትሉ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ማዛወሩ ብቻውን፣ ማረሙ ብቻውን መደረግ አለበት።

ስለ ጊዜው ግን መልሳችን ይህ ነው። ብልሽት የሚጠግነው ሰው ራሱ ጊዜውን የሚያጠፋው ያልተደራጀውን ስብስብ በማሰስ ነው። ሥራውም በአንድ ዘመቻ ይለቅ አንልም። በክላንግ ዘንድ መቈጣጠሪያ ስም ያልተሰጣቸውን ማስጠንቀቂያዎች የሚዘረዝር አንድ ፈተና አለ፤ ዝርዝሩ እንዳያድግ፣ ይልቁንም እየቀነሰ እንዲሄድ በራሱ ላይ ተጽፏል። የራስት የፋይል ጣሪያም የዚሁ ወንድም ነው። ሁለቱም የሚያስተምሩት አሮጌውን ዕዳ ቀስ በቀስ እየከፈሉ ዐዲስ ዕዳ አለመግባትን ነው።

ማጠቃለያ

በትምህርት ላይ ሳለን ትንሽ ኮምፓይለር የምንሠራ ሁላችን ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አለ። ፈተናው ሠላሳ ብቻ ቢሆንም ሥርዐቱ ከመጀመሪያው ቀን ቢተከል ኋላ አያስጨንቅም። ለእያንዳንዱ ፈተና አንድ ዓላማ ይሰጠው፤ ዓላማውም በራስጌው ይጻፍ። ስሙ የሚፈትነውን ነገር ይናገር። የሚጠበቀው ጽሑፍ በሙሉ ይቀመጥ፤ ከርሱ ጋር በሰው እጅ የተጻፈ ምልክት አይለይ። ምክር የሚሰጥ ማስታወቂያ ምክሩ ተፈጽሞ ይፈተን። ዝምታም የሚጠበቅ ከሆነ በግልጽ ይነገር።

የራስትን ስብስብ የነቀፍነው ከሌሎቹ ስላነሰ አይደለም። ሙሉውን ጽሑፍ ለማስቀመጥ የደፈረ ስለ ሆነ፣ የዚህ ድፍረት ዋጋ ምን እንደ ሆነ ከሌሎቹ ይበልጥ በርሱ ላይ ስለሚታይ ነው። ማሽን ትናንት ያለውን ዛሬም ማለቱን በአንድ አፍታ ሊያረጋግጥልን ይችላል። ትናንት ያለው ነገር ትክክል እንደ ነበር የሚያውቀው ግን ፈተናውን የጻፈው ሰው ነው፤ ያን ካልጻፈልን ዕውቀቱ ከርሱ ጋር ይሄዳል።